የቆሎ መጠቅለያ

ውርጩ ገና አልለቀቀም፣ ጥጡ ከፀጉሬ አልረገፈም፣
ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ እግሬ ደጁን አላለፈም፣
«ሰው ኃይል ይፈልግሻል» አለኝ የበሩ ጥበቃ፤
የደከመው ልቤ ነቃ።

አቶ ሸዋንግዛው ወንበር ሳበልኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ፣
እንደ ወንድም አዘነልኝ፤
ያ ነው የገደለኝ።
«እኅቴ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሩን ግን ሳይዘጋ፣
«እንዲህ ያለ ነገር ይዘሽ፣ ማሽን ሥር ቆመሽ እስኪነጋ፣
አደጋ ነው፤ ለራስሽ አደጋ።»

እንዲህ ያለ ነገር።
ምን ያለ ነገር? ለእናንተም አልናገር።
ለአንድ ሐኪም ብቻ ነው ያወራሁት፣ መጋረጃ ስቦ፣
ወንበሩን አቅርቦ፤
ያውም ግማሹን። ግማሹ እዚሁ ጉሮሮዬ ላይ አለ፣ ተሰብስቦ።

እንግዲህ በየት ወጣ? በካርድ ክፍል መስኮት?
ወይስ ከሁለት ጉርሻ መሀል በሾለከ ሐሜት?
የሐኪሙ ጽሑፍ ለእኔ አይነበብም፤
ለአቶ ሸዋንግዛው ግን ምንም አላስቸገረም።

የፈቃድ ቅጽ ሞላሁ። «ምክንያት» የሚለውን ባዶ ተውኩት፤
ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝ፤ በዓይኗ ስትሞላው አየሁት።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ አውቶቡሱን ዋጠው፣
ገደሉን ከመንገዱ፣ ሰውን ከሰው ለየው።
ሌላው ተሳፋሪ «ማርያም ማርያም» ሲል እኔ ግን ተመቸኝ፤
ከዚያ ቢሮ ወዲህ፣ ያን ጊዜ ብቻ ነው ማንም ያላየኝ።

ደብረ ሲና። ጉሙ አለቀ፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ወጣ፣
የቆሎ ሻጮች ድምፅ በየመስኮቱ መጣ።
«የሃያ ብር ስጪኝ» አልኳት እትዬ ዘነቡን፤
ገብስ ከሽምብራ ቀላቅላ ሞላችልኝ ጥቅሉን።

እየቆረጠምኩ ወደ እናቴ ቤት ሳዘግም
ከቆሎው ሥር ብቅ አለ የጤና ጣቢያ ማኅተም።
ዕድሜ። ክብደት። ቀበሌ። የባል ስም፣ የተሰረዘ።
ከዚያ በታች በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ቃል፣ ቀለሟ የወዛ።
ስሟን አልነግራችሁም።
አፌ ውስጥ ያለው ገብስ ድንጋይ ሆነ፤
የሰው ገመና በጨው ታሽቶ ጥርሴ መሀል ባከነ።

ተመለስኩ። «እትዬ፣ ይሄ ወረቀት ከየት ነው?»
«በኪሎ ነዋ! ከመጋዘን የሚያወጣ ልጅ ነው የሚሸጠው።
ወፍራም ነው፣ ቶሎ አይቀደድም፤ ከጋዜጣ ይሻላል።
ምነው? ምን ይላል?»

ማንበብ አትችልም። ስንት ዘመን ከተማውን በእጇ ስትጠቀልል
የማንንም ምሥጢር አላየች፤
መዝገብ ቤት ማለት እሷ ናት፣ እውነት ቢባል።

«የድሮ ሒሳብ ነው» አልኳት። «ሁሉንም ሽጪልኝ።»
ሳቀች። «ቆሎውስ?» «ቆሎውን ተዪልኝ።»
በቆሎ ዋጋ መዘነችልኝ።

ማታ፣ እናቴ ስትተኛ፣ በስልኬ መብራት ቁልሉን ገለጥኩ፤
ላቃጥለው ነበር የገዛሁት።
ግን የልጅነት ካርዴ ቢኖርበትስ? ብዬ ፈለግኩ።
ለመፈለግ ደግሞ አነበብኩ።

የቀበሌ ቅጽ፦ «አባት ያልታወቀ።» የቤተሰብ ብዛት ሰባት፣ አምስት ተጽፎበት።
የአንድ መምህር ስንብት፣ ግልባጭ ለስምንት መሥሪያ ቤት።
የጎረቤታችን ሳል።
የንስሐ አባቴ የማይነገር ቁስል።
የአብሮ አደጌ አንድ ማክሰኞ፣
በአሥራ ስድስት ዓመቷ ብቻዋን የሄደችበት።
ያኮረፈችኝ መስሎኝ ነበር ያኔ፤
አሁን ገባኝ። ምን አለ ባይገባኝ፣ ምን አለ ቢታወር ዓይኔ!
ነገ ገበያ ላይ አቅፋ ስትስመኝ በየትኛው ፊቴ ልያት እኔ?

ስሜ የለም።
ቁልሉ አለቀ፤ እኔ ግን ንጹሕ አይደለሁም።
ቀና ስል፣ በጨለመው የመስኮት መስታወት
አቶ ሸዋንግዛውን አየሁት፤
እንደ እኔ ያዘነ፣ እንደ እኔ ለሰው አሳቢ፣
ከንፈሩን የሚመጥ አንባቢ።

እሳት ለኮስኩ።
«ምን ይሸታል?» አለች እናቴ ነቅታ። «ወረቀት።» «የምን?» «የሰው።»
ዝም አለች። ለምን እንደመጣሁም አልጠየቀችኝ፤ ነገሩን አልነካችው።
ጋቢዋን ብቻ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች፣
ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።